ዋስ የተጠራለት ቴሌስኮፕ

ሰኞ፣ ነሐሴ 19

ቀኑን ሙሉ ጉርድ ፎቶ። የትምህርት ቤት ምዝገባ ተጀምሯል፤ ወልድያ ውስጥ ያለ ተማሪ ሁሉ ፎቶ ቤቴ በር ላይ የተሰለፈ ይመስላል። ከሰዓት በኋላ መብራት ሄደ። ሰልፉ አልሄደም። ደጅ ነጭ ጨርቅ ሰቅዬ በቀን ብርሃን አነሳኋቸው። አንዷ ልጅ፣ "ጋሼ፣ ከኋላዬ ባጃጅ እንዳይገባ" አለችኝ። ገብቶ ነበር። ደገምኩላት።

ማታ ትንሿን ኮምፒውተር ይዤ ተቀመጥኩ። የመታወቂያ ካርድ ታክላለች። ስክሪን የላትም፣ ኪቦርድ የላትም። ቴሌስኮፑ እግር ላይ ታስራ ሞተሩን ታዞራለች፣ ካሜራውን ታስነሳለች። እኔ ደግሞ በስልክ ዳታ እሷን አዝዛለሁ፤ እዚህ ወልድያ ሆኜ። ቴሌስኮፑ መርሳ፣ እህቴ ኣዜብ ጣሪያ ላይ ይሆናል። የማንም እጅ ሳይነካው።

ለምን ከሩቅ? እዚህ የተከራየሁት ቤት ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ምሥራቁን ተራራና ፎቅ ይጋርደዋል። የኣዜብ ቤት ጣሪያው ሲሚንቶ፣ ምሥራቁ ክፍት። እዚያ ሄጄ ከአጠገቡ ልቁም እንዳልል... በዚህ ጊዜ፣ በጨለማ፣ ጣሪያ ላይ ቱቦ ደግኖ የሚቆም ሰው ከሩቅ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። አሥራ ስምንት ዓመት የጋዜጣ ፎቶ አንሺ ነበርኩ። ስለዚህ ሰው አይኖርም። ትንሿ ብቻ።

ጳጉሜ 2 እሑድ ነው። ጨረቃ ሙሉ በሙሉ የምድር ጥላ ውስጥ ትገባለች። ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ 4 ሰዓት ሊሆን ትንሽ እስኪቀረው ትጠቁራለች፤ ትቀላለች ቢባል ይሻላል። እንዲህ በምሽት፣ ከኛ ሰማይ፣ ሙሉውን የሚታይ ለዓመታት አይገኝም። በ2014ቱ ጦርነት ካሜራዎቼ ሁሉ ተዘርፈው ከሄዱ ወዲህ ለራሴ ብዬ ያነሳሁት አንድ ፎቶ የለም። ይቺን እፈልጋታለሁ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 22

መርሳ ደርሼ ተመለስኩ። ቴሌስኮፑን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ሚኒባሱ ውስጥ ከጎኔ አስቀመጥኩት። ፍተሻ ላይ፦

"ምንድን ነው?"

"የፎቶ ዕቃ።"

"ይሄን የሚያህል?"

"የሩቅ ነገር ማንሻ ነው።"

አለፍን። 'የሩቅ ነገር' ማለት አልነበረብኝም... አለፍን እንጂ።

ኣዜብ ከጨርቅ ሱቋ ወጥታ ጣሪያው ድረስ ተከተለችኝ። ስገጥም፣ ስፈታ፣ ሽቦ ስዘረጋ እጇን አጣጥፋ አየችኝ።

"ይዞራል?"

"ሲታዘዝ።"

"ማን ያዝዘዋል?"

"እኔ፣ ከወልድያ።"

"ሸሻይ፣ እኔ እዚሁ ስሩ እየኖርኩ የገዛ ጣሪያዬን አንተ ከወልድያ?" ብላ ሳቀች።

ከጣሪያው ወደ ምዕራብ ጉብታው ይታያል፤ ጉብታው ላይ የጥበቃ ካምፕ አለ። ለእነሱ እንንገር ወይስ አንንገር ተባባልን። "ብንነግራቸው ይጠይቃሉ። ባንነግራቸው አያዩትም" አለች። ተስማማሁ። ለምን ተስማማሁ? እድሜ ልኩን ሲጠይቅ የኖረ ሰው መጠየቅ የሚያስፈራው ምን ሆኖ ነው?

እሑድ፣ ነሐሴ 25

ሠራች። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ አዘዝኩ፤ መርሳ ላይ ዞረች። በደመና ቀዳዳ ሦስት ኮከብ ላከችልኝ፤ ሁለቱ የደበዘዙ፣ አንዷ እንደ መርፌ ጫፍ። ብቻዬን ፈገግ ስል ቆየሁ።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። ትንሿ የሰዓት ባትሪ የላትም። መብራት ጠፍቶ ስትነሳ፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ ኢንተርኔትን ነው የምትጠይቀው። ዳታ ከሌለ የምትጠይቀው የለም፤ ቀኑንም ሰዓቱንም ሳታውቅ ትነሳለች። ሰዓት ካላወቀች ደግሞ ጨረቃ የት እንዳለች አታውቅም። መርሳ ላይ መብራትም ዳታም የሚጠፋው ተነጋግረው ይመስል አብረው ነው። የስልክ ድምፅ ብቻ ነው የሚተርፈው።

ስለዚህ አንዲት ገጽ ሠራሁ። ኣዜብ ስልኳን ከትንሿ ጋር አገናኝታ ቀንና ሰዓት ታስገባለች። የኛን ቀን ወደ ፈረንጅ ቀን ገጹ ራሱ ይቀይረዋል፤ ጳጉሜን ሳትቀር። በጳጉሜ ላይ ብቻ ሁለት ማታ ሠራሁ። ገጹን ሙሉ ቀይ አደረግሁት፤ ቀይ ብርሃን በጨለማ ዓይን አይወጋም። ኮራሁ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 28

በቅደም ተከተል ልጻፈው። እንዲያ ካልሆነ አይጻፍም።

መርሳ ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፍቶ መጣ። ዳታ ከጠዋት ጀምሮ የለም። ሰማዩ ግን ከሳምንት በኋላ ተከፈተ። ካሜራውን ጨረቃ ላይ ልፈትሽ ብዬ ኣዜብን ደወልኩላት።

"ስልክሽን ከትንሿ ጋር አገናኚው።"

"አገናኘሁ። ቀን ይላል።"

"ነሐሴ 28።"

"ጻፍኩ። ሰዓት ይላል።"

"አሁን ስንት ነው?"

"አንድ ሰዓት።"

"አስገቢ። ከዚያ 'ጨረቃ' የሚለውን ተጫኚ።"

የሞተሩ ድምፅ በስልኩ ተሰማኝ። ደስ የሚል ድምፅ ነው... ነበር።

"ሸሹ፣ ጨረቃዋ እኮ በዚህ በኩል ናት። ቱቦው ወደዚያ ዞረ።"

"ወዴት?"

"ዝቅ ብሎ... ወደ ጉብታው። ወደ ካምፑ ነው የዞረው።"

"አቁሚው። ቀዩን ተጫኚ።"

"የቱን ቀይ? ሁሉም ቀይ ነው።"

ተቋረጠ። ደወልኩ፤ አታነሳም። ደጋግሜ ደወልኩ።

ቆይቶ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። "ሸሻይ ነህ ልጄ? አብዱልጀሊል ነኝ፣ የኣዜብ ጎረቤት።" ሼህ አብዱልጀሊል፤ ከሱቋ ፊት ለፊት የእህል መጋዘን ያላቸው፣ በሰፈሩ መስጊድ የሚያሰግዱት።

"ወስደዋታል። ደህና ናት፣ አልነኳትም። እኔ እዚያው ልሄድ ነው። ጋቢ ይዤላታለሁ።"

"አሁኑኑ ልምጣ..."

"በምን ትመጣለህ? ጧት ና።"

እውነታቸውን ነው። ከመሸ መኪናም ባጃጅም አይንቀሳቀስም።

ስህተቱን አሁን አገኘሁት። አንድ ሰዓት ብላ ጻፈች። ትንሿ የምታውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ለእሷ አንድ ሰዓት ማለት ከሌሊቱ ሰባት ነው። በዚያ ሰዓት ጨረቃ ለመጥለቅ ምዕራብ አድማስ ላይ ትደርሳለች። ጨረቃዋን ፍለጋ ዞረች። እዚያ ያለው ካምፑ ነው።

የኣዜብ ጥፋት አይደለም። ገጹ 'ሰዓት' ይላል፤ ሰዓቱን ጻፈች። ጳጉሜን እንኳ ያሰብኩ ሰውዬ ሰዓታችንን ረሳሁ።

ያዘዘው እጅ ወልድያ፣ የተያዘው አንገት መርሳ። ከሩቅ ማዘዝ ማለት ይሄ ኖሯል እንዴ?

ሐሙስ፣ ነሐሴ 29

በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄድኩ። ስደርስ ኣዜብ ተፈትታ ሱቋን ከፍታለች። ሌሊቱን ካምፑ ውስጥ ወንበር ላይ ነው ያደረችው። ዓይኗ ቀልቷል፤ ጨርቅ እየለካች ነገረችኝ።

የካምፑ አዛዥ ጌትነት ይባላል። ወጣት ነው፣ ሰውን ቶሎ አያምንም።

"ምንድን ነው ይሄ? አለኝ። ጨረቃ ማያ፣ አልኩት። ጨረቃዋ እዚያ ናት፤ ይሄ የሚያየው እኛን ነው፣ አለኝ። ምን ልበለው? ልክ ነው።"

"ከዚያስ?"

"ማነው ያዞረው? ወንድሜ። የት ነው? ወልድያ። ወልድያ ሆኖ ነው እዚህ የሚያዞረው? አዎ። እንደሱ ስለው ባሰበት።" መቀሱን አስቀመጠች። "እውነቱን በተናገርኩ ቁጥር እየባሰ ሄደ፣ ሸሹ። ወንድምሽ የት ተወለደ? ወልድያ። አባቱስ?"

አባታችን ከዓድዋ በኩል ነው የመጣው።

"ምን አልሽው?"

"እሱም ፎቶ አንሺ ነበር፣ አልኩት። የጠየቀኝ እንዳልገባኝ ሆኜ።"

"ምን አለ?"

"ከላይ እስከ ታች አየኝ። ገብቶታል።"

ሼሁ ሌሊቱን ከእሷ ጋር አድረው ጧት ዋስ ሆነው አስወጧት። በ2014 ሲሸሹ የመጋዘናቸውን ቁልፍ ለኣዜብ ሰጥተው ነበር። ሲመለሱ መጋዘኑ ተዘርፎ ባዶ ነው፤ ቁልፉን ግን በእጃቸው አስረከበቻቸው። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ነገር ሁለቱም አንስተው አያውቁም።

ከሰዓት በኋላ ከሼሁ ጋር ጌትነት ዘንድ ሄድን። ጣሪያው ላይ ወስጄ ገጹን አሳየሁት።

"ሰዓት ተሳስቶ ነው የምትለኝ?"

"አዎ።"

"ስንት ሰዓት ነበር?"

"አንድ ሰዓት።"

"ምን ብላ ጻፈች?"

"አንድ ሰዓት።"

"ታዲያ ስህተቱ የቱ ጋ ነው?"

ሼሁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሳቅ ነበር መሰለኝ። ጌትነትን ስልኩን እንዲያወጣ ጠየቅሁት። አሥር ሰዓት ነው፤ ስልኩ አራት ይላል። አየው፣ ደግሞ አየው። "ይሄስ ልክ ነው" አለ። ያመነኝ ግማሹን ነው። ሌላውን ግማሽ ፊቱ ላይ አየሁት።

ቃል በቃል እንዲህ አለ፦ "ቱቦው ይቀመጥ። ሼህ አብዱልጀሊል አጠገቡ ቁጭ ብለው ካላየሁ ግን ንቅንቅ እንዳይል። እሷም አትሆንም፤ ዋሱ ራሳቸው። ያለሳቸው ከተንቀሳቀሰ ወልድያ ድረስ አንተን ፍለጋ አልመጣም። የምይዘው ዋሱን ነው።"

"ያዘኝ" አሉት ሼሁ። "ቤቴን ታውቀዋለህ።"

እሱ ሲሄድ ሼሁ ከሱቁ ነጭ የፕላስቲክ ወንበር አስመጥተው ከቱቦው ጎን አስቀመጡ። ዋስ ቆሞ አያድርም፣ አሉ።

"አሁን ምን ልታይበት ነው እንዲህ የምትለፋው?"

"እሑድ ማታ ጨረቃዋ ጥላ ውስጥ ትገባለች፣ ሼህ።"

ወንበሩ ላይ ቀና አሉ። "ኹሱፍ ነው?"

"አዎ።"

"እሑድ? እርግጠኛ ነህ? በስንት ሰዓት?"

"ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሙሉ በሙሉ ትጋረዳለች።"

"በኛ ነው በማሽንህ?"

"በኛ።" ይገባኛል... አንገቴን ደፋሁ።

"እንግዲያስ ሶላት አለን። የማሰግደው እኔ ነኝ። ሶላቱ ያልቃል፤ ዱዓው ግን እስክትገለጥ ነው።"

ዋሴና ጨረቃዬ በአንድ ሰዓት። ፊቴን አይተው መሰለኝ፣ "ቶሎ ከጨረስኩ እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ" አሉ። "ሳልመጣ እንዳትነካው።"

"አልነካውም።"

"ወላሂ በል አልልህም። አልነካውም ብለሃል።"

ዓርብ፣ ነሐሴ 30

ወልድያ። ጉርድ ፎቶ። ሰልፍ።

ከመርሳ ሳልወጣ ጣሪያው ላይ ሁለተኛ ትንሽ ካሜራ ገጥሜያለሁ። ሰማይ አይደለም የምታየው፤ ቱቦውንና ወንበሩን ነው። ሼሁ ሲቀመጡ ከዚህ እንዳያቸው። ዳታ ዛሬ ተለቋል።

ገጹንም አስተካከልኩ። 'ሰዓት' የሚለውን አጥፍቼ 'በኛ ሰዓት' አልኩ፤ ጎኑ ላይ ጧት፣ ቀን፣ ማታ፣ ሌሊት። ማቆሚያውን ብቻ ነጭ አደረግሁት። ዓይን ይውጋ።

ነገ የማነሳውን ጨርሼ ልሄድ። እሑድ ራሴ እዚያው ሆኜ... ባልነካውም።

ቅዳሜ፣ ጳጉሜ 1

መንገድ ተዘጋ። መናኸሪያው ባዶ ነው። ሐራ ድረስ እንኳ የሚሄድ የለም። ረዳቶቹ ጠጠር ይጫወታሉ። አንዱን መቼ ይከፈታል ብዬ ብጠይቀው፣ "ሲከፈት" አለኝ።

ኣዜብ ደወለች። ጧት ጳጉሜ ጠበል ሄዳ ነበር። መርሳ ሰው ሁሉ ሩፋኤል ዝናብ እንዲያመጣ እየለመነ ነው አለች።

"አንተስ?"

"እኔ ከቀኑ አንድ ቀን እንዳያስቀድመው ነው የምለምነው።"

"ሁለታችሁን ይሰማችሁ እንግዲህ።"

እሑድ፣ ጳጉሜ 2

አሁን ነው የተቀመጥኩት። አልቋል። በቅደም ተከተል።

ሲመሽ መርሳ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ከስንት ቀን በኋላ። ዳታ አለ፣ መብራት አለ። ትንሿ ሰዓቷን አውቃለች፤ ሦስት ጊዜ አረጋገጥኩ። ሁሉም ነገር ተሰልፎ አንድ ቁልፍ ብቻ ቀረ። ቁልፉ ስክሪኔ ላይ፣ ጣቴ አጠገብ። ከጎኑ በሌላ መስኮት ወንበሩ ይታያል። ነጭ ወንበር፣ ባዶ።

አንድ ሰዓት ተኩል ሊሆን ሲል ኣዜብ ጠርዟ ተበላ አለችኝ። በስልኳ ውስጥ ከመስጊዱ ድምፅ ይሰማል። ሰዉ እየገባ ነው። ሼሁ ሲያልፉ በሱቋ ደጅ ቆም ብለው፣ "ለልጁ ንገሪው፣ አልረሳሁትም" ብለዋታል። ጋቢያቸውንም ትተውላታል፤ ሲመለሱ ይበርዳቸዋልና።

ሁለት ሰዓት ተኩል።

"ገባች" አለች ኣዜብ። ድምጿ ተለውጧል። "ሸሹ... እንዴት እንደምነግርህ አላውቅም። እንደ ፍም። ሊጠፋ እንዳለ ፍም።"

ወንበሩ ባዶ ነው።

ከጣቴ እስከ ቁልፉ ምን ያህል ነበር? ቱቦው ቢዞር ድምፁ ከሰፈሩ አይወጣም። ደቂቃ አይፈጅም። በጨለማ ማን ያያል? ጌትነት እንኳ ቢሆን ይሄኔ ሰማዩን ነው የሚያየው... እንደዚህ እያልኩ ለራሴ ስከራከር ቆየሁ። ክርክሩ ጥሩ ነበር። ብዙ ጊዜ ሰው ለማጥፋት ሲነሳ ክርክሩ ጥሩ ይሆንለታል።

"አልመጡም?" አለች።

"አልመጡም።"

"ጋቢያቸው እኔ ጋ ነው። ለብሼ ልቀመጥ? ከካምፑ ማን ይለየኛል?"

"አይሆንም።"

"ቁመታችን እኮ እኩል ነው።"

"ኣዜብ።"

"እሺ። ጢሙ ነው የቸገረህ።"

ሳቅን። ሳቁ ወዲያው ደረቀ። አንድ ሌሊት ወንበር ላይ ያሳደሯት እሷን ነው፤ እንዲህ ያለችው ግን ለኔ ብላ ነው። ያን ጊዜ ነው እጄን ከጠረጴዛው አንስቼ ጭኔ ስር ያስገባሁት። እንደ ተማሪ።

ደጅ ወጥቼ በዓይኔ እንኳ ልያት ይሆን? ወልድያም ደመናው ተከፋፍሎ ነበር፤ ጎረቤቶቼ ደጅ ወጥተው ሲያወሩ ይሰማኛል። አልወጣሁም። ሼሁ በዚያች ደቂቃ ቢመጡስ? ወንበሩን አየሁ። ፕላስቲኩ ላይ ከጨረቃዋ ይሁን ከትንሿ መብራት ቀላ ያለ ነገር አርፎበታል። ሦስት ሰዓት ሆነ። አለፈ።

ከመስጊዱ የሚመጣው ድምፅ አልተቋረጠም።

አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ኣዜብ፣ "በአንዱ ጠርዝ ነጣች" አለች። አለቀ ማለት ነው።

ብዙም ሳይቆይ ስክሪኔ ላይ፣ ወንበሩ በሚታይበት መስኮት አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። መጀመሪያ ነጭ ኮፍያ፣ ከዚያ ትከሻ። ደረጃውን ሲወጡ ያረፉ ይመስላል። ጋቢውን ተከናነቡ፣ ወንበሩን በእጃቸው ዳበሱ፣ ተቀመጡ። ስልኩን ተቀበሏት።

"አለሁ። ጀምር።"

ጀመርኩ። ቱቦው ዞረ፤ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ትክክለኛው ቦታ። ፎቶዎቹ አንድ በአንድ መጡ። ጠርዟ የነጣ፣ የቀረው አካሏ እንደ ሸክላ የቀላ፣ ቅላቱም ከፎቶ ወደ ፎቶ እየደበዘዘ። የፈለግኋት አይደለችም። ስትወጣ ነው ያገኘኋት።

"ዘገየሁብህ?"

"አልዘገዩም፣ ሼህ።"

"ውሸታም" አሉኝ። ከዚያ ትንሽ ቆይተው፣ "ቶሎ ልጨርስ ብዬ ነበር። ሰዉ ያለቅሳል። ይሄን ሰሞን ሰው የሚያለቅስበት ቦታ አጥቶ ኖሯል። ጥዬው መምጣት አቃተኝ።"



ሰኞ፣ ጳጉሜ 3

የሩፋኤል ዝናብ ጣለ። የሰፈሩ ልጆች ቦይ ውስጥ ናቸው። እናቶቻቸውም።

ኣዜብ በቀትር ደወለች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው የምታወራው። ጌትነት ሱቅ መጥቶ ነበር፤ የትራስ ጨርቅ ሊገዛ። ጨርቁን ሳይመርጥ፣ "ለወንድምሽ ንገሪው፣ ትናንት አልተንቀሳቀሰም" አላት።

"በምን አወቅህ? አልኩት። ሲያዩት ነው ያመሹት፣ ሸሹ። በመነጽር። ሁለት ሰው እየተቀያየረ፣ ከምሽት ጀምሮ ሼሁ እስኪቀመጡ። ከተንቀሳቀሰ መስጊድ ድረስ ሄደው ሊያመጧቸው መኪና ተነስቶ ነበር የሚጠብቀው።"

ቁጭ አልኩ።

"ጨረቃዋንስ አላያችሁም? አልኩት። ከጣሪያችሁ በላይ ነበረች፤ ቀና በሉ ያለን የለም፣ አለኝ። የጠቆረችውን ፎቶ ካነሳ አንድ ለኔ፣ አለ።"

"ምን አልሽው?"

"ወንድሜም አላያትም አልኩት። ወንበር ሲያይ ነው ያመሸው አልኩት። መጀመሪያ ያፌዝኩበት መሰለው። ከዚያ ሳቀ። ሲስቅ ለካ ልጅ ነው።"

እሱ ቱቦ ሲያይ፣ እኔ ወንበር ሳይ። ያቺን ጨረቃ ያያት የሰገደው ሰው ነው። ኣዜብም።

መኪና ተነስቶ ነበር... ሰዉ የሚያለቅስበት መስጊድ ድረስ። ይሄን ደግሜ አልጽፈውም።

እሑድ፣ መስከረም 4

መንገድ ከበዓል በኋላ ተከፈተ። ትናንት መርሳ አደርኩ፤ ዛሬ ተመለስኩ።

ለጌትነት ካሉኝ ፎቶዎች አንዱን አትሜ ወሰድኩለት። ጠርዟ የነጣችውን። አገላብጦ አየና፣ "ይቺ እኮ እየዳነች ነው" አለ። ኪሱ ከተታት። ዋሱ ግን ይቀጥላል፤ እሱ ላይ ንግግር የለም።

የበር ደወል መጫኛ ከወልድያ ይዤ ሄጄ ነበር፣ እንግዳ ሲመጣ የምንጫነውን። በሽቦ ከትንሿ ጋር አገናኘሁት፤ የወንበሩ እጀታ ላይ አሰርኩት። ሼሁ ካልተጫኑት ሞተሩ አይታዘዝም። እኔ ሺህ ጊዜ ባዝዝ አይታዘዝም። ካሜራም ወንበር መጠበቅም አያስፈልግም።

ሼሁ ሲጫኑት፣ ሲለቁት፣ እንደገና ሲጫኑት ቆዩ። "ከወልድያ የሚታዘዝ ማሽን ሠራሁ ብለህ ስትኮራ አልነበር? አሁን ከመርሳ ፈቃድ ይጠይቃል።"

"ይጠይቃል።"

"ወደ ኋላ ነው የሄድከው፣ ልጄ።"

"ይሆናል፣ ሼህ።"

ደወሉ ሲጫን እኔ ዘንድ ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ይወጣል። መጀመሪያ 'ወንበሩ ተይዟል' ብዬ ነበር የጻፍኩት፤ ስለ ወንበር የሚባለው እንደዚያ ነውና። ኣዜብ ከትከሻዬ በላይ አነበበችው።

"ያን ቃል አንሳው" አለች።

አነሳሁት።

ዛሬ ማታ ወልድያ፣ አልጋዬ ላይ። ሳተርን በምሥራቅ ወጥታለች። ሁሉም ዝግጁ ነው። ስክሪኑ 'ወንበሩ ባዶ ነው' ይላል። አልቸኮልኩም። ተነስቼ ደጅ ወጣሁና ሰማዩን በዓይኔ አየሁ። ስመለስ መስመሩ ተቀይሮ ጠበቀኝ።

'ሼህ አብዱልጀሊል ተቀምጠዋል።'